ሽቦ አገናኝቶ ሞተር ማጥፋት

የሳይንስ ዓምድ

በዛሬው ዓምዳችን የምንማረው ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው። የቤንዚን ሞተር የተገጠመለት ሳይክል መሪ ላይ ትቀመጣለች፤ አውራ ጣት ትበቃታለች። ስሟ የሞተር ማጥፊያ ነው። ትንሽ ናት ብላችሁ ግን አትናቋት።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። የክፍላችሁን አምፖል ለማጥፋት ማጥፊያውን ጠቅ ስታደርጉ ውስጥ ያለው ሽቦ ምን ይሆናል? «ይለያያል» እንደምትሉ እናውቃለን። ልክ ናችሁ። መንገዱ ሲቋረጥ ኮረንቲው አያልፍም፤ አምፖሉም ይጠፋል። እሺ፣ የሳይክሉን ሞተር ማጥፊያ ስትጫኑስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሽቦው አይለያይም፣ ይገናኛል! ሽቦ ተገናኝቶ ሞተር ይጠፋል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

(በነገራችን ላይ ኮረንቲ የሚለው ቃል የመጣው ከጣልያንኛ ነው። በሱማልኛም «ኮሮንቶ» እንላለን፤ ምንጫቸው አንድ ነው። ጋራዥ ውስጥ የምንሰማቸው ካንዴላ፣ ካቴና፣ ፍሪሲዮን፣ ፒንሳም ከዚያው የመጡ ናቸው። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው።)

መልሱን ለማግኘት ሞተሩ ኮረንቲ ከየት እንደሚያመጣ ማወቅ አለብን። በ1831 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ አንድ ነገር አሳየ። በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ማግኔት ወዲያና ወዲህ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኮረንቲ ይፈጠራል። ማግኔቱ ሲቆም ኮረንቲውም ያቆማል። በሳይክል ላይ በሚገጠመው ትንሽ ሞተር ውስጥ ያለውም ይኸው ነው። ሞተሩ ሲዞር ማግኔት አብሮት ይዞራል፤ አጠገቡ የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለበት ቦቢና ተቀምጧል። ከቦቢናው የሚወጣው ኮረንቲ ሲዲአይ ወደምትባል ትንሽ ሳጥን ይሄዳል። ሲዲአይ ኮረንቲውን አጠራቅማ በአንድ ጊዜ ትለቀዋለች። በዚያን ጊዜ ቮልቴጁ ከ10,000 ቮልት በላይ ይሆንና ካንዴላው ጫፍ ላይ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ቤንዚኑንና አየሩን የሚያቀጣጥለውም ይሄ ብልጭታ ነው። ቤታችን የሚገባው መብራት 220 ቮልት መሆኑን አስታውሱና አወዳድሩት።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞርና በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ብልጭ ቢል፣ በሴኮንድ ስንት ጊዜ ብልጭ ይላል? 3,000 ÷ 60 = 50 ጊዜ። «አንድ» ብላችሁ ሳትጨርሱ ሃምሳ ብልጭታ አለፈ ማለት ነው።

አሁን ልብ በሉ፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ ባትሪ የለም። ሞተሩ እየዞረ ለራሱ ኮረንቲ ይሠራል፣ በሠራው ኮረንቲ ደግሞ መልሶ ይዞራል። ስለዚህ የሚነቀል ባትሪ፣ የሚዘጋ ቆጣሪ የለንም። ምን ይደረግ? ውሃ አስቡ። ወደ አትክልት የሚሄድ ቦይ ከላይ በኩል ቢሸነቆር ውሃው በቀላሉ በዚያ ይፈሳል፤ አትክልቱ ጋ አይደርስም። ኮረንቲም ቀላል መንገድ ካገኘ በዚያው ነው የሚሄደው። የሞተር ማጥፊያዋ ሥራ ቦዩን መሸንቆር ነው። ከቦቢናው ወደ ሲዲአይ የሚሄደውን ሽቦ ከሞተሩ የብረት አካል ጋር ታገናኘዋለች፤ ባለሙያዎች ይህንን ግራውንድ ማድረግ ይሉታል። ኮረንቲው ሲዲአይን ትቶ በብረቱ በኩል ወደመጣበት ይመለሳል። ብልጭታ የለም፣ ሞተሩ ይጠፋል። በቃ!

ከተማችን ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሱቅ ደጃፍ ላይ የሚጮሁ ትንንሽ የቤንዚን ጀነሬተሮች አሉ አይደል? ብዙዎቹ የሚጠፉት በዚሁ ዘዴ ነው።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የክበባችን አባላት ሞተርና ባጃጅ ወደሚጠግኑ አንድ አባት ሄደን ነበር። ሰፈር ውስጥ ልጅ ሁሉ «አዴር» ነው የሚላቸው። ቴስተር አውጥተው ማጥፊያዋን ስትጫንና ስትለቀቅ ለክተው አሳዩን። ከዚያ እንዲህ አሉን፦ «የአምፖል ሽቦ ቢበጠስ ይጨልማል፣ ወዲያው ታውቃላችሁ። የዚህች ሽቦ ቢበጠስ ግን ሞተሩ ጥሩ አድርጎ ይሠራል። የምታውቁት ልታጠፉት የፈለጋችሁ ቀን ነው።»

ይህ ነገር ከትምህርቱ ሁሉ የከበደን ክፍል ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በማገናኘት የምትሠራ ማጥፊያ ሽቦዋ ከተበጠሰ ማገናኘት አትችልም። ካልተገናኘ ሞተሩ አይጠፋም። እስከዚያ ድረስ ግን ምንም ምልክት አትሰጥም። አስተኔ ያለው ሽቦ ሊያስቸግር የሚችለውን አስቡት። ጅግጅጋ አቧራና ነፋስ እንደማያጣት ሁላችንም እናውቃለን። አቧራው የነዳጅ መስጫው ኬብል ውስጥ ገብቶ ከዘይት ጋር ይለወስና ይጋግራል። አንድ ቀን እጀታውን ስትለቁት ወደ ቦታው አይመለስም፤ ተይዞ ይቀራል። ሳይክሉ ይበርራል። ከካራማራ ቁልቁለት እየወረዳችሁ ወይም ሰባት ሰዓት ላይ ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ብታስቡት ይብሳል። ያኔ አውራ ጣታችሁ የምትሄደው ወደዚያች ማጥፊያ ነው። የምትሠራ መሆኗን ጠዋት ሳትነሱ ካላያችሁ፣ እዚያ መሐል መንገድ ላይ ነው የምታዩት።

ጠዋት መፈተን ደግሞ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሳይክሉ በመቆሚያው እንደቆመ ሞተሩን ታስነሳላችሁ፣ ማጥፊያዋን ትጫናላችሁ። ከጠፋ ጥሩ ነው። ካልጠፋ ያን ቀን በእግር መሄድ ነው።

ተቃራኒው ብልሽትም አለ። ሽቦው ሳይበጠስ ልባሱ ተፍቆ መዳቡ ብረት ቢነካ ሁልጊዜ ማጥፊያዋ እንደተጫነች ይቆጠራል። ሞተሩ አይነሳም፤ ወይም ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ይጠፋል። ባለቤቱ ካርቡራተር ያስፈታል፣ ካንዴላ ይቀይራል፣ ቤንዚኑን «ውሃ ገብቶበታል» ይላል። ጥፋቱ ግን የተፋቀች ሽቦ ናት። ይሄኛው ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ሰው አይጎዳም።

አሁን ወደ አገጣጠሙ እንሂድ። ሥራው ለትልቅ ሰውና ለባለሙያ ነው፤ እናንተ አጠገባቸው ቆማችሁ ተማሩ፣ ፒንሳና ናስትሮ አቀብሉ። ሞተሩ ጠፍቶ መቀዝቀዝ አለበት። ከማጥፊያዋ ሁለት ሽቦ ይወጣል። አንዱ ከቦቢናው ወደ ሲዲአይ ከሚሄደው ሽቦ ጋር ይያያዛል። በብዙዎቹ የሳይክል ሞተሮች ይህ ሽቦ ሰማያዊ፣ የግራውንዱ ደግሞ ጥቁር ነው፤ ሆኖም ቀለም ሁልጊዜ አይታመንም፣ ስለዚህ በቴስተር ይረጋገጥ። ሁለተኛው ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር በብሎን ይታሰራል። የሳይክሉ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ካሰራችሁት ቀለሙ ኮረንቲ ስለማያሳልፍ አይሠራም። ወይ ቀለሙ ተፍቆ ይነሳ፣ ወይ ሞተሩ ራሱ ላይ ይታሰር። እኛ ሁለተኛው ይሻላል እንላለን።

የሽቦው አካሄድም ወሳኝ ነው። ከጭስ ማውጫው ይራቅ፤ ልባሱ ይቀልጣል። ከካቴናው ይራቅ። መሪው ሥር ሲደርስ ትንሽ ላላ ይበል፤ ተወጥሮ ከታሰረ መሪው በዞረ ቁጥር ይሳባል፣ ቀስ በቀስም ውስጡ ያለው መዳብ ይበጠሳል። የሚያስቸግረው ከላይ ልባሱ ደህና መስሎ መታየቱ ነው። ስለዚህ ከተገጠመ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሮ በሁለቱም በኩል በቴስተር መለካት ያስፈልጋል። የተቀጠለው ቦታ ተጠምዝዞ ብቻ አይተው፤ ተበይዶ በናስትሮ ይጠቅለል፤ የሞተሩ ንዝረት የተጠመዘዘን ይፈታልና።

ስትጫኑት ብቻ የሚሠራ፣ ሲለቁት የሚመለስ ማጥፊያ ከሆነ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ጣታችሁን አታንሱ። ቶሎ ከለቀቃችሁ እየዞረ ያለው ሞተር መልሶ ሊነሳ ይችላል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለን። ይህ «አገናኝቶ ማጥፋት» የሚሠራው ኮረንቲውን ከማግኔት ለሚያገኝ ሞተር ነው። ብልጭታውን ከባትሪ የሚያገኝ ሞተርሳይክል ወይም መኪና ላይ ማጥፊያው እንደ አምፖላችን ይለያያል እንጂ አያገናኝም። የባትሪን ሽቦ ከብረት ጋር ብታገናኙት ሽቦው ይግላል፣ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ቤንዚን አጠገብ ከሆነ እሳት ይነሳል። «ሳይክሉ ላይ ሠርቷል እኮ» ብሎ የአባቱን ሞተር የሚነካካ ተማሪ እንዳይኖር።

አይሱዙና የናፍጣ ወፍጮ ደግሞ ሌላ ናቸው። ናፍጣ ሞተር ካንዴላና ብልጭታ የለውም፤ የሚቀጣጠለው አየሩ በጣም ታምቆ ሲግል ነው። ስለዚህ የሚጠፋው ነዳጁ ሲቆረጥበት ነው።

ማጥፊያዋ እንቢ ብትልስ? ፍሪሲዮኑን ያዙ፤ ሞተሩ ከጎማው ይለያል። ይጮኻል፣ ይጩህ። ፍሬን ይዛችሁ ዳር ቁሙ። ከዚያ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉ፤ ካርቡራተር ውስጥ የቀረው ቤንዚን እስኪያልቅ ጥቂት ይቆያል እንጂ ይጠፋል። የካንዴላውን ሽቦ በእጃችሁ ለመንቀል እንዳትሞክሩ፤ ከ10,000 ቮልት በላይ ያልነውን አትርሱ።

የወሩ ጥያቄ፦ አንዳንድ የቤንዚን ጀነሬተር የሞተር ዘይቱ ሲያንስ በራሱ ይጠፋል። ዘይት ውስጥ የተቀመጠው መቆጣጠሪያ ሽቦ ያገናኛል ወይስ ይለያያል? የመቆጣጠሪያው ሽቦ ቢበጠስስ ጀነሬተሩ ምን ይሆናል? መልሳችሁን ከነምክንያቱ፣ ስማችሁንና ክፍላችሁን ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክፍሉ በር ላይ ባለው ሳጥን አስገቡ።