የአበባ ክበቦች ሠርቶ ማሳያና ለንግድ የሚሰጠው ትምህርት

ቡና በመጋዘን ሊቆይ ይችላል፤ ቆዳም ጨው ከተነሰነሰበት ገበያው እስኪሻሻል ድረስ ይጠብቃል። የተቈረጠ አበባ ግን ከዘንጉ ላይ መቀስ ካረፈበት ሰዓት ጀምሮ ዕድሜው በቀን የሚቈጠር ዕቃ ነው። ስለዚህ አበባ የሚነግድ ሰው የሚሸጠው አበባውን ብቻ ሳይሆን የቀሩትንም ቀኖች ጭምር ነው። ገዢው ወደ ቤቱ የወሰደው ጽጌረዳ በሁለተኛው ቀን አንገቱን ቢደፋ፣ ጥፋቱ ከውሃው ይሁን ከማስቀመጫው ሳይመረምር አበባውንና ሻጩን ይወቅሳል፤ ዳግመኛም ወደዚያ ሱቅ አይመለስም። የዚህ ጥናት ዓላማ ይህን ጉዳት በምን ዐይነት ትምህርት መቀነስ እንደሚቻል ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የተመረጠውም በእንግሊዝ አገር በየከተማውና በየመንደሩ የሚገኙት የአበባ አደራደር ክበቦች ሥራ ነው።

የክበቦቹ አመሠራረት

አበባን በማስቀመጫ አሳምሮ መደርደር በእንግሊዝ አገር ቀድሞ በአመዛኙ የታላላቅ ቤቶች አትክልተኞችና የባለሱቆች ሥራ ነበር። እመቤት ኮንስታንስ ስፕራይ እ. ኤ. አ. በ1929 በለንደን ሱቃቸውን ከከፈቱ በኋላ፣ የጎመን ቅጠልን፣ የዱር ፍሬንና ማንም የማይቈጥረውን አረም ከውድ አበባ ጋር እያዋሐዱ በማሳየታቸው፣ ውበት በአበባው ዋጋ ብቻ እንደማይለካ ብዙዎችን አስተማሩ። እ. ኤ. አ. በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ የዘውድ በዓል የአበባውን ሥራ የመሩትም እርሳቸው ነበሩ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ እመቤት ጁልያ ክሌመንትስ በንግግርና በመጻሕፍት፣ ጥቂት አበባ ብቻ ያላት የቤት እመቤትም ቤቷን ልታስጌጥ እንደምትችል አስረዱ። ክበቦች በየስፍራው እየተቋቋሙ ሄዱ፤ እ. ኤ. አ. በ1959 የአበባ አደራደር ማኅበራት ብሔራዊ ኅብረት ተመሠረተ። ከዚህም ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የጃፓንን የአበባ ጥበብ በልዩ ልዩ አገሮች ለማስፋፋት ኢኬባና ኢንተርናሽናል የተባለው ማኅበር በቶኪዮ ተቋቁሞ ነበር።

የአንድ ስብሰባ ሥርዐት

ክበቡ በልማድ በወር አንድ ጊዜ በመንደሩ ወይም በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰበሰባል። የዕለቱ ዋና ሥራ ሠርቶ ማሳየት ነው። ይህን የሚያደርጉት ሰው በክበቡ ገንዘብ የተጋበዙና አብዛኛውን ጊዜ በፈተና ችሎታቸው የተመሰከረላቸው ናቸው። በመድረኩ ላይ ማስቀመጫዎች ተደርድረው፣ አበባዎችና ቅጠሎች በባልዲ ውሃ ውስጥ ተነክረው ይጠብቃሉ። ሠሪዋ ብዙ ጊዜ ከማስቀመጫው በስተኋላ ቆመው ስለሚሠሩ፣ ተመልካቹ እያንዳንዱን ዘንግ ሲገባ ያያል። እጃቸው ሲሠራ አፋቸው አያርፍም፤ ይህ አበባ ለምን ከዚያኛው እንደ ተመረጠ፣ ዘንጉ ለምን እንዳጠረ፣ በቤት ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ ያስረዳሉ። በዚህ ሁኔታ በአንድ ምሽት አምስት ወይም ስድስት ሥራዎች ይጠናቀቃሉ።

በመጨረሻም ሥራዎቹ በዕጣ ለአባላቱ ይደርሳሉ። ከዕጣው የሚገኘው ገንዘብ ክበቡን ይረዳል፤ ዕጣው የወጣላትም አባል የተማረችውን ነገር ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በአዳራሹ ጥግ መቀስ፣ ሽቦ፣ ማስቀመጫና ሌላውም መሣሪያ የሚሸጥበት ጠረጴዛ መኖሩ የተለመደ ነው። ነጋዴ ይህን ሲያይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ በዚያ አዳራሽ የተቀመጡት ሁሉ ከዕለቱ ትምህርት በኋላ ከትናንቱ የተሻሉ ገዢዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ትምህርት፤ የአበባ አያያዝ

በሠርቶ ማሳያው ላይ ተመልካችን የሚማርከው ቅርጹና ቀለሙ ቢሆንም፣ ብርቱው ሥራ የሚፈጸመው ከስብሰባው በፊት ባለው ሌሊት ነው። አበባው ከመደርደሩ አስቀድሞ ውሃ ሊጠግብ ይገባዋል። ዋና ዋናዎቹ ደንቦች እንደሚከተለው ናቸው።

1ኛ፤ የዘንጉ ጫፍ በተሳለ ቢላዋ ወይም መቀስ በሰያፍ እንደ ገና ይቈረጣል። አበባ ከውሃ ውጭ በቆየ ጊዜ አየር ወደ ውሃ መተላለፊያው ስለሚገባ ጫፉ ይደፈናል። ሰያፍ የሆነውም ጫፍ ከማስቀመጫው ወለል ጋር ተጣብቆ እንዳይዘጋ ነው።

2ኛ፤ ከውሃው በታች የሚውለው ቅጠል ሁሉ ይገፈፋል። ቅጠል በውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ባክቴሪያ ይራባል፤ ባክቴሪያውም ዘንጉን ይደፍናል። ማስቀመጫውና ባልዲውም በሳሙና መታጠብ ያለባቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

3ኛ፤ አበባው በጥልቅ ውሃ፣ በቀዝቃዛና ብርሃን ባልበዛበት ስፍራ ለብዙ ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል።

4ኛ፤ በፓኬት የሚሸጠው የአበባ ምግብ ስኳር፣ አሲድና ተሐዋስያን የሚገድል መድኃኒት የተቀላቀሉበት ነው። ስኳር ብቻውን በውሃው ላይ ቢጨመር ግን ከአበባው ይልቅ ባክቴሪያውን ይመግባል።

5ኛ፤ ማስቀመጫው በፀሐይ፣ በምድጃ አጠገብና በነፋስ መንገድ ላይ አይቀመጥም፤ ከፍራፍሬ ሳሕንም ይርቃል። ሙዝና ፖም ሲበስሉ ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ስለሚያወጡ፣ እንደ ካርኔሽን ያለው አበባ ጊዜው ሳይደርስ ይጠወልጋል።

ከእነዚህ ደንቦች ሌላ እያንዳንዱ አበባ የራሱ ጠባይ አለው። ቱሊፕ ከተቈረጠ በኋላም ማደጉን ስለማያቋርጥ ወደ ብርሃን ይጎብጣል። ከዳፎዲል ዘንግ የሚወጣው ፈሳሽ ሌላውን አበባ ስለሚጎዳ መጀመሪያ ለብቻው ይነከራል። ሀይድራንጃ ሲጠወልግ ራሱን በሙሉ ውሃ ውስጥ ማጥለቅ ያድነዋል። አንገቱን የደፋ ጽጌረዳም ብዙ ጊዜ የሞተ አይደለም፤ ውሃ ወደ ራሱ ስላልደረሰ ነውና ጫፉ እንደ ገና ተቈርጦ ለብ ባለ ውሃ ቢነከር ቀና ሊል ይችላል። ቀድሞ እንጨትነት ያለውን ዘንግ በመዶሻ መቀጥቀጥ ይመከር ነበር፤ ዛሬ ግን የተቀጠቀጠው ክፍል ባክቴሪያ እንደሚያራባ ስለ ታወቀ በስለት መቍረጥ ተመራጭ ሆኗል።

ሁለተኛው ትምህርት፤ አደራደር

አደራደርን በተመለከተ፣ ለጀማሪ የሚሰጠው የተለመደ ልክ የረዥሙ ዘንግ ከፍታ ቢያንስ የማስቀመጫውን አንድ ጊዜ ተኩል እንዲሆን ነው። አስቀድሞ ረዥሙ ዘንግ ይተከላል፤ ቀጥሎም የጎኖቹ ወሰን ይበጃል። ትልቁና ደማቁ አበባ ወደ መካከልና ወደ ታች ሲቀመጥ፣ እምቡጡና ቀለሙ የሳሳው ወደ ዳር ይወጣል። የቀረው ክፍተት በቅጠል ይሞላል። ከቅርጾቹ መካከል የሆጋርት መስመር የሚባለው እንደ እባብ የተጠማዘዘው ቅርጽ፣ ስሙን ያገኘው እ. ኤ. አ. በ1753 ስለ ውበት መጽሐፍ ካሳተመው ከእንግሊዛዊው ሠዓሊ ከዊልያም ሆጋርት ነው።

የጃፓኑ ጥበብ በበኩሉ በጥቂት ዘንግ ብዙ መናገርን ያስተምራል። ሰማይን፣ ሰውንና ምድርን የሚወክሉ ሦስት መስመሮች ቢበቁት፣ በመካከላቸው ያለው ባዶ ስፍራ ራሱ የሥራው ክፍል ሆኖ ይቈጠራል። ከዚህ ትምህርት ነጋዴው የሚያገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። አምስት ዘንግ የገዛ ደንበኛ በአምስቱ ቤቱን ማሳመር ከቻለ፣ ገንዘቡ የባከነ ስለማይመስለው በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል።

ውድድርና ደንቡ

ክበቦቹ በየጊዜው ውድድር ያደርጋሉ። ከውድድሩ አስቀድሞ የሚታተመው ደንብ የእያንዳንዱን ክፍል ርእስ፣ የተፈቀደውን ስፍራ ስፋትና ሊገባ የሚችለውን ነገር ይዘረዝራል። አንድ ሥራ ከተወሰነው ስፋት ቢያልፍ ወይም የተከለከለ ነገር ቢገኝበት፣ ዳኞቹ «እንደ ደንቡ አይደለም» የሚል ምልክት ያደርጉበታል። እንዲህ ያለው ሥራ ከሁሉ ይልቅ ያማረ ቢሆን እንኳ ሽልማት አያገኝም።

ይህ ለጊዜ ማሳለፊያ ሥራ የበዛ ጥብቅነት ቢመስልም፣ የአበባ ንግድም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ጽጌረዳ በዘንጉ ርዝመት፣ 40፣ 50፣ 60 ሳንቲ ሜትር እየተባለ ተለይቶ ይታሰራል። 50 የታዘዘው 45 ሆኖ ቢገኝ የአበባው ቀለም ማማር ላኪውን ከመቀነስ ወይም ከመመለስ አያድነውም። ውል የተገባው ለልኩ ነውና።

በመሣሪያው ላይ የደረሰው ለውጥ

አበባን በቦታው አጽንቶ ለማቆም ቀድሞ የሚያገለግሉት የተጨማደደ የዶሮ ሽቦና ጃፓኖች ኬንዛን የሚሉት፣ ቀጫጭን ሚስማሮች የቆሙበት ከባድ መሠረት ነበሩ። እ. ኤ. አ. በ1954 በአሜሪካ ኦአሲስ የተባለው ውሃ የሚመጥ አረንጓዴ ስፖንጅ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ግን ሥራው እጅግ ቀለለ፤ ስፖንጁም በየአበባ ሱቁ ተስፋፋ። ይሁን እንጂ ስፖንጁ ከፕላስቲክ የተሠራ በመሆኑ ሲፈረፈር ወደ ውሃና ወደ አፈር ገብቶ ሳይበሰብስ ይቀራል። ስለዚህ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር ከ2021 ጀምሮ በትርኢቶቹ ላይ እንዳይገባ ከልክሏል። ብዙ ሠሪዎችም ወደ ዶሮ ሽቦና ወደ ኬንዛን ተመልሰዋል። አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለብዙ ዓመት የሚያገለግለው ኬንዛን በየጊዜው ከሚጣለው ስፖንጅ ይልቅ ወጪ እንደሚቀንስም ታይቷል።

ለኢትዮጵያ ነጋዴና አምራች

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በዘመን መለወጫ አደይ አበባ ከለምለም ሣር ጋር ተጐንጕኖ ይቀርባል፤ ቄጤማም በበዓል ቀን በየቤቱ ይጐዘጐዛል። አበባ ለንግድ ሲሆን ግን አብዛኛው የሚመረተው ለውጭ ገበያ ነው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ዋና የተቈረጠ አበባ ላኪ ናት። ከዝዋይ አካባቢ፣ ከሆለታና ከሰበታ የሚሰበሰበው ጽጌረዳ ቀዝቅዞ በአውሮፕላን ይጓዛል። ከፍታው 2,400 ሜትር ያህል በሆነው በሆለታ ጽጌረዳው ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ራሱ ትልቅ ይሆናል፤ ዝቅ ባለውና በሚሞቀው በዝዋይ ደግሞ ራሱ አነስ ብሎ ምርቱ ይበዛል። ከሚላከው ብዙው የሚያርፈው በሆላንድ ሲሆን፣ በአልስሜር የሐራጅ ገበያ ዋጋው እንደ ሌላው ሐራጅ ከታች ወደ ላይ አይወጣም፤ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። አስቀድሞ ያቆመው ገዢ ይወስዳል። ከዚያም አበባው ወደ እንግሊዝና ወደ ሌሎች አገሮች ተከፋፍሎ በክበቦቹ አባላት ማስቀመጫ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ይህ ንግድ በአንድ በር ላይ መንጠልጠሉ ምን ያህል አደጋ እንዳለበት እ. ኤ. አ. በማርች 2020 ታይቷል። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ሱቆች ሲዘጉና ሠርግና ስብሰባ ሲቋረጥ፣ በሆላንዱ ሐራጅ ዋጋው ወድቆ እጅግ ብዙ አበባ ሳይሸጥ ተጣለ። የኢትዮጵያ አምራቾችም ከዚህ ጉዳት አላመለጡም። የውጭው በር ሲዘጋ ሸክሙን በከፊል እንኳ ሊያቀል የሚችለው የአገር ውስጥ ገዢ ነው። እርሱ ግን በአንድ ቀን አይፈጠርም፤ አስቀድሞ መማር አለበት።

በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ ያለ የአበባ ነጋዴ ይህን ትምህርት ለማስጀመር ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። ከእቅፍ አበባው ጋር ስለ አቈራረጡና ስለ ውሃው አራት መስመር የተጻፈበት ካርድ መስጠት ይችላል። ከእንቍጣጣሽና ከጥር የሠርግ ወራት በፊት ሱቁን ከዘጋ በኋላ ደንበኞቹን ጠርቶ፣ አንድ ባለሙያ ሦስት ወይም አራት ሥራ እንዲያሳይ ማድረግ ይችላል። የባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል፣ በአገሩ የሚበቅለው ጂፕሶፊላና ሃይፔሪከም ከጽጌረዳው ጋር ሲዋሐዱ ቢያሳይም፣ ደንበኛው በትንሽ ገንዘብ ሙሉ ጌጥ ማግኘት እንደሚቻል ይረዳል። ሆቴሎችም የአዳራሻቸውን አበባ የሚጠብቁትን ሠራተኞች በዚሁ መንገድ ቢያስተምሩ፣ በየሁለት ቀኑ የሚጣለው አበባ እስከ ሳምንት ሊያገለግላቸው ይችላል።

ዕቃው ከእጁ ሲወጣ ሥራው ያለቀ የሚመስለው ነጋዴ በሌላ ንግድ ይሳካለት ይሆናል። የአበባ ንግድ ግን ከሽያጩ በኋላ በገዢው ጠረጴዛ ላይ የሚቀጥል ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ አበባው በቆየ መጠን የነጋዴውም ስም ይቆያል።