ጽሑፍም ማደር ይፈልጋል



የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ብዙዎቻችንን የሚገጥመን ችግር አንድ ነው። ላፕቶፑ ተከፍቷል፤ ሐሳቡም አለ፤ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈን መልሰን እናጠፋለን። ሰዓቱ ይሄዳል፤ ገጹ ባዶ ነው። በዚህ ጭንቀት መሐል የሌላ ሰው ሥራ ገልብጦ የማስገባት ፈተና ይመጣል። ያ ደግሞ አማናን ማጉደል ነው። ስለዚህ ጉዳዩን እንደ ቀላል አንየው።

ብዙውን ጊዜ እጃችንን የሚይዘው ሐሳብ ማጣት አይደለም፤ መጻፍንና ማረምን በአንድ ጊዜ መሞከራችን ነው። መጻፍ ድፍረት ይፈልጋል፤ ማረም ጥርጣሬ ይፈልጋል። ሁለቱ ሲገናኙ ጥርጣሬው ያሸንፋል። በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ደግሞ የቋንቋው ፍርሃት ይጨመርበታል።

ቀደምቶቻችን ሁለቱን ለይተው ይሠሩ ነበር። ኪታብ የሚገለብጡ ሰዎች ጽፈው ሲጨርሱ ሙቃበላ ያደርጋሉ፤ ማለትም የገለበጡትን ከዋናው ጋር እያስተያዩ ያርማሉ። ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ኢማሙ ሻፊዒይ (ረሒመሁላህ) ደግሞ «አር-ሪሳላ»ን ወደ ግብፅ ከመሄዳቸው በፊት ጽፈውት ነበር። በ204 ዓመተ ሂጅራ እስካረፉበት ጊዜ በቆዩባቸው ጥቂት የግብፅ ዓመታት እንደገና ጻፉት። ዛሬ የሚቀራው ይህ ሁለተኛው ነው። እንዲህ ያለ ዓሊም ጽሑፉን ተመልሶ ካደሰ፣ የእኛ የመጀመሪያ ረቂቅ ጎዶሎ መሆኑ አያሳፍርም።

ጽሑፉን ማቆየት ለምን ይጠቅማል? ገና እንደጨረስን ስናነበው የምናየው ልንል ያሰብነውን እንጂ ወረቀቱ ላይ ያለውን አይደለም። የተዘለለች ቃል ወይም የተሳሳተ መለኪያ አትታየንም። ካደረ በኋላ ግን እንደ እንግዳ አንባቢ እናየዋለን። በፋግታ ለኮማ ከዲከረንስ ከሰል የሚያከስሉ ገበሬዎች ይህን የመሰለ ነገር ያውቃሉ፤ ክምሩ በአፈር ተዳፍኖ ቀናት ይቆያል። ሳይበርድ ቸኩሎ የከፈተው ሰው ከሰሉ አየር አግኝቶ ይቀጣጠልበትና አመድ ታቅፎ ይቀራል።

እንግዲህ በተግባር እንዲህ እናድርግ፦

1. ከመግቢያው አንጀምር። የሠራነውን ሙከራ፣ የለካነውን፣ ያሰላነውን እናስቀድም። ይህን ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነን።

2. የእንግሊዝኛው ቃል እምቢ ካለን በአማርኛ ወይም በአዊኛ ጽፈን፣ ምልክት አድርገንበት እንለፍ። ለአንድ ቃል ብለን አንድ ሰዓት አንቁም።

3. ሶላትን የሥራችን ወሰን እናድርገው። ከዙህር እስከ ዐስር አንድ ክፍል ብቻ እንጻፍ፤ አዛን ሲል እናቁም። ከመነሳታችን በፊት ቀጥሎ የምንጽፈውን በአንድ መስመር እናስፍር። ስንመለስ ከየት እንደምንጀምር አንቸገርም።

4. ረቂቁ ሲያልቅ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር፤ ሙሉው የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ ሦስት ቀን ይቆይ። በዚህ ጊዜ ስልክ ላይ ተጥደን አንዋል። ልብስ እንጠብ፣ ቁርኣን እንቅራ፣ እንጅባራ ያለን ደግሞ እስከ ዘንገና ሐይቅ ወጣ ብለን እንመለስ።

5. ስናርም በአንዴ ሁሉንም አንፈልግ። በመጀመሪያው ንባብ የሐሳቡን ቅደም ተከተል፣ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩን፣ በሦስተኛው ፊደሉንና ቁጥሩን እንይ። ድምፅ አውጥተን እናንብብ፤ ምላስ የሚያደናቅፈው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ እርማት የሚፈልገው ነው። ከዚያ ለጓደኛ እናሳይ።

«የቀረን አንድ ሌሊት ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ያኔም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ከመፍጠጥ ከዒሻ በኋላ የቻልነውን ጽፈን እንተኛ፤ ከፈጅር በኋላ ተነስተን እናርም። ዓርብ የሚረከብ ሥራ ካለን ግን ረቂቁን ሰኞ እንጨርስ። የዕረፍቱ ቀን አስቀድሞ ካልተመደበ ከየትም አይመጣም።

ረቂቁ ጎዶሎ ይሁን፤ ግን የራሳችን ይሁን። የራስን ጎዶሎ ማቅናት ይቻላል፤ በመምህር ፊት የሌላውን ሰው ሥራ «የኔ ነው» ማለት ግን በየትኛውም እርማት አይቃናም።

አላህ ጊዜያችንን ይባርክልን፤ በሥራችንም ታማኞች ያድርገን። ወላሁ አዕለም።