በቆሰበር አረጋውያንን በቤት ውስጥ ከመውደቅ የመጠበቅ አሠራር

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች ወድቀው በደረሰባቸው ጉዳት ይሞታሉ፤ ከሟቾቹም ትልቁን ቁጥር የሚይዙት ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው ናቸው። በደጋማዋ ቆሰበር፣ ማለትም በእንጅባራ ከተማ፣ የክረምቱ ጭቃ ስለሚበዛ ቤተሰብ ጥንቃቄውን ሁሉ በግቢው ላይ ያውለዋል፤ ሆኖም ቀን በጭቃ የሚሄድ ሽማግሌ እያየና እየመረጠ ስለሚረግጥ፣ አስቀድሞ መስተካከል ያለበት ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ያለው የሌሊት መንገድ ነው።

በመጀመሪያ በርጩማው፣ ጀሪካኑና ጫፉ የታጠፈው ምንጣፍ ከመተላለፊያው ይነሣሉ፤ የእጅ ባትሪም ተኝቶ በሚደረስበት ቦታ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ደረጃ አነሣሥ ሲሆን፣ ቀላል መስሎ ብዙዎችን የሚያሳስተው ይኸው ነው። ሰው ከተኛበት ሲቆም ደሙ በክብደቱ ወደ እግር ይወርዳል፤ የደም ሥሮች ወዲያው ጠበብ ብለው ግፊቱን ካልጠበቁ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ለአፍታ ያንሳል። ሰውየው ከቆመ በኋላ ባሉት 3 ደቂቃዎች ውስጥ የላይኛው የግፊት ልኬት በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ሐኪሞች ይህንን ሲቆሙ የሚከሰት የግፊት መውረድ ይሉታል። እርጅና፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ሽንት የሚያበዛ ክኒን፣ እንዲሁም በጾም ወቅት ውኃ ሳይጠጡ መዋል ያባብሱታል።

ስለዚህ አረጋዊው በመጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡ፤ እግራቸውን መሬት አስነክተው ቁርጭምጭሚታቸውን ደጋግመው ያንቀሳቅሱ፤ ማዞሩ ከሌለ ይቁሙ፤ ከቆሙም በኋላ ግድግዳ ወይም አልጋ ይዘው ጥቂት ይቆዩ። እርስዎም ሊረዱ ሲመጡ አይቸኩሉ፤ ክንዳቸውን ይዘው ብድግ አያድርጓቸው፤ እርዳታ የሚመስለው መጎተት ያንኑ የማዞር ጊዜ ያሳጥረዋል ተብሎ ቢታሰብም፣ በተግባር ግን ሰውየውን ሚዛኑን ሳይዝ እንዲራመድ ያስገድደዋል። መድኃኒቱንም በራስዎ አያቋርጡ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደው ግፊታቸው ተኝተውም ቆመውም እንዲለካ ይጠይቁ።

ከበሩ ደፍ ጎን የሚያዝ ጠንካራ እንጨት ይተከል፤ ሆኖም በዝናባማ ሌሊት ከማናቸውም ድጋፍ ይልቅ የሚመረጠው አቋራጭ አልጋው አጠገብ የሚቀመጥ ፖፖ ነው፤ አረጋዊው ቢያፍሩም በአክብሮት ያግባቧቸው።

የጋቢው ጫፍ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሰብሰብ። ምርኩዙ ክንድ ተዘርግቶ ሲንጠለጠል የእጅ አንጓን የሚያክል ቁመት ይኑረው፤ ጫፉ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ይታሰር፤ የሚያዘውም ከደካማው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው።

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎም መውደቅ ቢደርስ፣ አንደኛው እግር አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ ወይም መቆም ካልተቻለ የዳሌ አጥንት ስብራት ሊሆን ስለሚችል፣ ወጌሻ እንዲያሸው አይፍቀዱ፤ ሳያንቀሳቅሱ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ያድርሱ።