ወደ ሳላላ ለምትመጪው

ልጄ፣ ከዱባይ ሳላላ ድረስ በመኪና እንደምትመጡ ስሰማ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። መንገዱ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛው በረሃ። እሱን ለባልሽ ትቼዋለሁ። የእኔ ምክር ልጆቹንና አማትሽን ይዛችሁ የዶፋርን የባሕር ዳርቻ ስለምታዩበት አንድ ቀን ነው። መሪ ጨብጬ አላውቅም፤ ግን በልጆችና በምሳ ዕቃ መካከል ተጣብቄ የኋላ ወንበር ላይ 20 ክረምት አሳልፌያለሁ።

1. አንዱን ምረጪ፤ ወይ ምዕራብ፣ ወይ ምሥራቅ። ሙግሳይል ከከተማው በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ኾር ሮሪም በስተ ምሥራቅ በዚያው ርቀት ግድም። ካርታ ላይ ስታዪያቸው ጠዋት እዚህ፣ ከሰዓት እዚያ ያሰኛሉ። ልጅ ሽንቴ መጣ ሲል፣ አማት ወገቤን ሲሉ፣ ጉም መንገዱን ሲጋርደው፣ ካርታው ይህን ሁሉ አያውቅም።

2. ባሕሩን እዪው እንጂ አትግቢበት። እዚህ ላይ ልጨቅጭቅሽ። በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 14 እስከ መስከረም 11 ያለውን ጊዜ እዚህ ኸሪፍ ይሉታል፤ ያው የእኛው ክረምት። ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ እርጥበቱን ተሸክሞ መጥቶ ከዶፋር ተራሮች ጋር ይላተማል፤ ካፊያው ይወርዳል፣ ተራራው የጎጃምን ሐምሌ ይመስላል። ሙስካት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲነድ እኛ ሹራብ እንፈልጋለን። ያው ነፋስ ግን ባሕሩንም ያስቆጣዋል። ሙግሳይል ከመርኒፍ ዋሻ በታች አለቱ የተበሳሳ ነው፤ ማዕበሉ ከሥር ይገባና በቀዳዳው ሽቅብ ይተኮሳል። ልጆች በደስታ ይጮኻሉ። ይጩኹ፣ እጃቸው ግን ከእጅሽ አይውጣ። ለፎቶ ብለው አጥሩን ተሻግረው ማዕበል የወሰዳቸው ሰዎች አሉ። እኔም አንድ ነሐሴ፣ "እስከ ቁርጭምጭሚቴ ብቻ" ብዬ ከአሸዋው ዳር ገባሁ። ውሃው ሲመለስ ከእግሬ ሥር አሸዋውን ይዞት ሄደ፤ ወደቅሁ። ጎረቤቴ በነጠላዬ ጎትታ አወጣችኝ። አንድ እግር ጫማዬ እስካሁን ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ነው።

3. ከሙግሳይል አልፎ ወደ የመን ድንበር የሚሄደው መንገድ እንደ ዓባይ በረሃ እየተጠማዘዘ ተራራውን ይወጣል። ፋዘያህ የሚባለው ዳርቻ በዚያ በኩል ነው፤ ውብ ነው፣ ቁልቁለቱ ግን ጉም ሲወርድ አያስተማምንም። የያዛችሁት የቤት መኪና ከሆነ ይቅርባችሁ። ነዳጅ ከሳላላ ሙሉ፣ መታወቂያችሁንም ያዙ።

4. ሳይመሽ ተመለሱ። ግመል ክላክስ አትሰማም፤ ብትሰማም አትቸኩልም።

5. ምሳን በተመለከተ፣ አማትሽ ድፎ ዳቦ ልጋግር ካሉ ይጋግሩ። ወጥ ግን በዚያ ጠመዝማዛ አታሲዢ፤ የወንበሩ ጨርቅ ምስክሬ ነው። መንገድ ዳር ኮኮናት በቢላ ከፍተው በቀሰም ይሰጧችኋል፤ ሙዝና ፓፓያም ሞልቷል። በነሐሴ መጀመሪያ ከመጣችሁ ፍልሰታ ነውና በጋለ ድንጋይ ላይ የሚጠበሰው ሥጋ፣ ማድቢ የሚሉት፣ አማትሽን አይመለከታቸውም። ኮኮናቱ ግን የጾም ነው፤ ሁለት ግዢላቸው።

6. እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ለአማትሽ ስል ምሥራቁን እመርጣለሁ። ኾር ሮሪ ላይ ሱምሁራም የሚባል የጥንት ወደብ ፍርስራሽ አለ፤ የሐድራሞት ነገሥታት ያሠሩት፣ የዶፋር ዕጣን በመርከብ የሚጫንበት። ዩኔስኮ በ2000 እ.ኤ.አ. ከዕጣኑ ምድር ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። በሩ ዘንድ በጥንቱ የደቡብ ዓረቢያ ፊደል የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። የእኛ ፊደል ዘመዱ ነው። ልጆቹን ዝም ብለሽ "ፊደል ፈልጉ" በያቸው፤ በ እና ቀ ሳይቸግራቸው ይገኛሉ። ዱባይ ተወልደው አማርኛ ማንበብ አልወድም ለሚሉ ልጆች ይህን የሚያህል አስተማሪ አላገኘሁም። ከድንጋዩ በታች ባለው ውሃ ዳር ግመሎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ያኔ ፊደሉ ይረሳል፣ አትቆጪ።

7. ዕጣን ስትገዙ ሆጃሪ የሚሉትን ጠይቁ፤ ነጣ ያለው ነው። ዛፉ ከእኛው የመተማ ዕጣን ዛፍ ጋር ዘመድ ቢሆንም ዝርያው ሌላ ነው። የትኛው እንደሚበልጥ እኔና ባለቤቴ ስንከራከር ዓመታት አልፈዋል። አማትሽ ከአገር ቤት ጥቂት ይዘውልኝ ይምጡ። የዚያን ዕለት ማታ ቡና አፈላለሁ፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን አጨሳለሁ፣ እሳቸው ይፈርዳሉ።