ሰንበትና የማኅበር ሥራ

አንባቢ ሆይ፥ የሕዝብ ሥራ በዐደራ የተሰጠው ክርስቲያን ሥራው በሰንበት ቀን ቢያጋጥመው ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ከቀደሙት ሰዎች ኑሮ እንማር።

በአውሮፓ ዘመን በ1620 ሜይፍላወር የሚባል መርከብ 102 መንገደኞች ይዞ ከእንግሊዝ አገር ወደ አሜሪካ ዳርቻ ደረሰ። የብርድ ወራት ገብቶ ነበር፤ መጠጊያም አልነበራቸውም። ገዢያቸው ጆን ካርቨርና ጥቂት ሰዎች ለማኅበሩ የሚሆን ስፍራ ሊፈልጉ በጀልባ ወጡ። ማዕበሉ የሸራውን ምሰሶ ሰበረ፤ በጭንቅም ወደ አንዲት ደሴት ደረሱ። ቅዳሜ ዕቃቸውን አደረቁ። በማግሥቱ ሰንበት ነበረ፤ በመርከብ የቀሩት ቢጠብቋቸውም፥ ጊዜውም ቢያስቸኩላቸው፥ በዚያ ቀን ዐረፉ። ሰኞ ተሻግረው ፕሊመዝ የተባለውን ስፍራ መረመሩ።

በዚያው የብርድ ወራት ከማኅበሩ እኩሌታው ያህል ሞተ። ጤነኞቹ 6 ወይም 7 ብቻ በሆኑ ጊዜ፥ ሌሊትና ቀን ሳይሉ እንጨት አመጡ፥ እሳት አነደዱ፥ የበሽተኞችን ልብስ አጠቡ።

እንግዲህ ልዩነቱን አስተውል። ስፍራ መፈለግ፥ ምንም ቢያስጨንቅ፥ አንድ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ የበሽተኛ ጥማት ግን እስከ ሰኞ አይቆይም። ጌታችንም በጕድጓድ ስለ ወደቀው በሬ ሲናገር ይህንኑ አስተማረን (ሉቃ. 14፥5)።

አንተም ሹም ወይም ጸሐፊ ብትሆን፥ በሰንበት ሥራ ሲመጣብህ ራስህን መርምር፤ ይህ ቢዘገይ የሚጐዳው ባልንጀራዬ ነውን? ወይስ ትርፌና ስሜ? ባልንጀራህ ከሆነ ፈጥነህ ተነሣ፤ ትርፍህ ከሆነ ለሰኞ ተወው። ሰንበትንም ምክንያት አድርገህ የተቸገረውን አትለፈው።