የድጋፍ መሣሪያን እንደ ጉዳቱ ዓይነት ስለ መምረጥ

ለአካል ጉዳተኞች የሚያገለግለውን መሣሪያ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ወይም በሱቁ የሚሸጥ ነጋዴ፥ ይህን ዕቃ እንደ ስኳርና እንደ ጨው ሊቈጥረው አይገባም። ስኳር ለገዛው ሁሉ አንድ ነው፤ ምርኩዝ፥ ተሽከርካሪ ወንበርና የመስሚያ መሣሪያ ግን ለአንዱ ጠቅመው ሌላውን ሊጐዱ ይችላሉ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለ፥ ከማዘዝ በፊት የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ገበያውም ትንሽ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት መግለጫ መሠረት፥ በዓለም ላይ ከ2.5 ቢሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ቢያንስ አንድ የድጋፍ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ መነጽርም በዚሁ ውስጥ ይቈጠራል።

1ኛ፥ አገሩንና መንገዱን ስለ ማየት

በሰሜን ሸዋ፥ በመርሐ ቤቴ የምትገኘው ዓለም ከተማ ለዚህ ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ናት። ከአዲስ አበባ በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል የሚሄደው መንገድ የጀማን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ ከከተማዋ ይደርሳል። በዙሪያዋ ያለውም አገር ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። ለሆስፒታል ልስልስ ወለል የተሠራ፥ የፊት ጐማዎቹ ትንንሽና ቀጫጭን የሆኑ ወንበር በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ገና በመጀመሪያው ድንጋይ ይያዛል፤ የተቀመጠውም ሰው ወደ ፊት ሊወድቅ ይችላል። ለደጋው አገር የሚሻለው የፊት ጐማው ሰፋ ያለ፥ ከፊት ጐማ እስከ ኋላ ጐማ ያለው ርቀት ረዘም ያለ ወንበር ነው። የኋላ ጐማው የብስክሌት ጐማ ልክ ከሆነ ደግሞ ሲፈነዳ የአገሩ ብስክሌት ጠጋኝ ሊያበጀው ይችላል።

2ኛ፥ መራመድ ለሚቸግረው

በአንድ እግሩ ድካም ላለበት ሰው ከዘራ ይበቃዋል። ተጠቃሚው ጫማውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ሲቆምና እጁን ሲያወርድ፥ የከዘራው መያዣ ከእጁ አንጓ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ የሚይዘውም ከደከመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። በብብት የሚያዘው ምርኩዝ ከብብት በታች ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ክብደትን የሚሸከመው መዳፍ እንጂ ብብት አይደለም፤ በብብቱ የሚደገፍ ሰው የክንዱ ነርቭ ተጐድቶ እጁ ሊዝል ይችላል። ስለዚህ ቁመቱ የሚስተካከለውን ማስመጣት፥ የጫፉንም ጐማ ለብቻው አብዝቶ ማከማቸት ይሻላል።

ከወገቡ በታች ስሜት የሌለው ሰው ከወንበሩ ጋር ክብደትን የሚያከፋፍል ትራስ ያስፈልገዋል። ያለዚህ ትራስ ሥጋው ሳይሰማው ይቈስላል፤ ቍስሉም ለሞት እስከ ማድረስ ይከፋል። አንገቱንና ጀርባውን ማቅናት የማይችል ሕፃን በአዋቂ ወንበር ላይ ቢቀመጥ አካሉ ይጣመማል። ክንዱ ብርቱ ሆኖ ሩቅ ለሚሄድ ሰው ደግሞ በእጅ የሚዘወረው ባለ ሦስት ጐማ ይስማማዋል። ሰው ሠራሽ እግር ግን ከመደርደሪያ አውርዶ የሚሸጥ ዕቃ ስላልሆነ፥ ፈላጊውን ልኩ ወደሚወሰድበት የአካል ተሐድሶ ማዕከል መምራት ይገባል።

3ኛ፥ ማየት ለሚቸግረው

ዕድሜው ከ40 በላይ ሆኖ የቅርብ ጽሕፈት ብቻ የሚደበዝዝበት ሰው የንባብ መነጽር ይረዳዋል። የዓይን ሞራ ያለበት ግን መድኃኒቱ የሐኪም ቀዶ ጥገና እንጂ መነጽር አይደለም። ጥቂት ለሚያይ ማጉያ መነጽር፥ ለዓይነ ስውር ነጭ በትር፥ የብሬይል ሰሌዳና መውጊያ፥ ወፍራም ወረቀትም ይቀርባል። ነጭ በትር መንገድን መፈተሻ ነው፤ ክብደት አይሸከምም። ስለዚህ ጉልበቱ የደከመ ዓይነ ስውር መደገፊያም ያስፈልገዋል። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ስልክም ሲሸጥ አማርኛ ማንበቡን አስቀድሞ መሞከር ይገባል።

4ኛ፥ መስማት ለሚቸግረው

የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቅመው የመስማት ቅሪት ላለው ነው። ችግሩ የጆሮ ኩክ ብቻ ሊሆን ስለሚችልም የሐኪም ምርመራ ይቀድማል። ፈጽሞ የማይሰማውን ሰው የምልክት ቋንቋ፥ ጽሑፍና ሥዕል የሚያስተላልፍ ስልክ ይረዱታል። የመሣሪያው ባትሪ በቁጥርና በቀለም ይለያል፤ 10 ብጫ፥ 312 ቡናማ፥ 13 ብርቱካናማ፥ 675 ሰማያዊ ነው። ይህ ባትሪ ማሸጊያው ከተላጠ በኋላ ቢሠራም ባይሠራም ያልቃልና ደንበኛው ሳይፈልግ እንዳይልጠው ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ባትሪው በቅርብ የማይገኝ ከሆነ መሣሪያው ከሣጥን ውስጥ ይቀራል።

5ኛ፥ ስለ ሕጉና ስለ ንግዱ

ደንበኛው ጉዳተኛው ብቻ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ቀጣሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራውን ሁኔታ እንዲያመቻች፥ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው የሚገባበት መንገድ እንዲኖረው አዝዘዋል። በር ላይ ደረጃ ብቻ የሠራ ባለ ሱቅም የሸጠው ወንበር ወደ ገዛ ሱቁ እንዳይገባ አግዷል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ተሽከርካሪ ወንበር ባወጣው መመሪያ አገልግሎቱን በ8 ደረጃዎች ከፍሎታል፤ ምርመራ፥ ልክ ማስተካከል፥ ተጠቃሚውን ማስተማርና ጥገና ከነዚሁ ውስጥ ናቸው። እንግዲህ ነጋዴው ዕቃ ከማዘዙም ከመሸጡም በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ይጠይቅ፦ ጉዳቱ ምንድን ነው? ሐኪም አይቶታልን? የተጠቃሚው ቁመትና ስፋት ስንት ነው? የሚሄድበት መንገድ ምን ይመስላል? ዕቃው ቢሰበር ማን ይጠግነዋል? የአምስተኛው መልስ ካልተገኘ መለዋወጫው ከዕቃው ጋር አብሮ ይታዘዝ። በርካሽ ተገዝቶ በወሩ የሚጣል ወንበር ለገዢው ኪሣራ፥ ለሻጩም የስም ጉድፍ ነው።