በባለ ምላጭ መላጫ ሲላጩ ቃጠሎን የመከላከልና የማስታገስ አሠራር

የምላጭ ቃጠሎ የሚባለው ከተላጩ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ወይም ሰዓታት ውስጥ የሚመጣው የቆዳ መቅላት፣ መለብለብና ማሳከክ ሲሆን፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በመለብለቡና ቆዳው ሲዳሰስ በሚሰማው ሸካራነት ነው። ይህም የሚከሰተው የላይኛው የቆዳ ንጣፍ፣ ማለትም የሞቱ ሴሎች ተደራርበው የሠሩትና የቆዳን እርጥበት ይዞ የሚያቆየው ስስ ሽፋን፣ ከጺሙ ጋር አብሮ ሲፋቅ ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በቆዳው ስስነት ወይም በምላጩ ዓይነት ላይ ቢላከክም፣ የቃጠሎውን መጠን ከሁሉ ይልቅ የሚወስኑት ስለቱ አረፋ በሌለበት ቆዳ ላይ የተመላለሰበት ጊዜ ብዛትና የተላጪው እጅ ጫና ናቸው።

አሜሪካዊው ኪንግ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1903 ለገበያ ያወጣውና በመጀመሪያው ዓመት 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ የተሸጠለት ባለ ምላጭ መላጫ፣ በሁለት በኩል ስለት ያለውን ስስ ምላጭ በሁለት ብረቶች መካከል ጨብጦ የስለቱን ጫፍ ብቻ ወደ ውጭ የሚያሳይ ነው። ከስለቱ ሥር ያለው የመጠበቂያ ጠርዝ አስቀድሞ ቆዳው ላይ ስለሚያርፍ ስለቱ ጠልቆ አይገባም፤ የብረቱም ክብደት ጺም ለመቁረጥ በአመዛኙ ስለሚበቃ የእጅ ጉልበት አያስፈልገውም። ሆኖም ራሱ እየተንቀሳቀሰ የእጅን ጫና ከሚያበርደው ባለብዙ ምላጭ የፕላስቲክ መላጫ ወደዚህኛው የሚሸጋገር ሰው ተጭኖ መላጨትን ልማድ ስላደረገው፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እየተቃጠለ ቢያሳልፍ አያስደንቅም።

ምላጭ ሲመረጥ ከዋጋው ይልቅ አዲስነቱ ይታያል። ከፀጉር 50 ጊዜ ያህል የሚጠነክረው ብረት በፀጉር እንዴት እንደሚደንዝ የመረመሩ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ስለቱ እኩል እየተፋቀ ከመሳሳት ይልቅ ፀጉሩ ጎንበስ ብሎ በሚቆረጥበት ቦታ በጥቃቅኑ እየተሸረፈ እንደሚሄድ አሳይተዋል። የተሸረፈ ስለት ፀጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይጎትተዋል፤ መጎተቱ የተሰማው ሰው ደግሞ ሳይታወቀው እጁን ይጫናል፤ ቃጠሎው የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ምላጭ እንደ ጺሙ ጥንካሬ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ካገለገለ በኋላ ሊጣል ይገባዋል፤ መጎተት ከጀመረ ግን ቁጥሩን መጠበቅ አያስፈልግም። ምላጩ በሚገጠምበት ጊዜ የሚያዘው ስለት በሌለባቸው አጫጭር ጎኖቹ ሲሆን፣ ከጠበቀ በኋላም በሁለቱም በኩል የሚታየው የስለት ስፋት እኩል መሆኑን በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አንዱ ጎን ከሌላው በልጦ ከወጣ በዚያ በኩል መላጫው መንከስ ይጀምራል። ምላጭ መዋዋስ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት በሕይወት ሊቆይ ስለሚችል፣ የደረቀ ምላጭ ንጹሕ ይመስላል ተብሎ አይታመንም።

ዝግጅቱ የሚቸኮልበት ሥራ አይደለም። ደረቅ ጺም ጠንካራ ሲሆን፣ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ግን በቀላሉ ይቆረጣል፤ ለዚህም ጥቂት ደቂቃ ስለሚያስፈልገው ገላ ከታጠቡ በኋላ መላጨት ወይም ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ፎጣ ለ3 ደቂቃ ያህል ፊት ላይ ማቆየት ይመከራል። ውኃው የሚያቃጥል ከሆነ የቆዳውን ተፈጥሯዊ ቅባት አጥቦ ስለሚወስድ ጉዳቱ ያመዝናል። ከዚያም የመላጫ ሳሙና ወይም ክሬም በብሩሽ እየተዞረ አረፋ እንዲያወጣ ይደረጋል፤ አረፋው ሲነካ የሚያንሸራትትና እርጥብ እንጂ ደርቆ የሚፈርስ መሆን የለበትም። እንደ ድሬዳዋ ባሉ፣ ማዕድን የበዛበት ጠንካራ ውኃ በሚገኝባቸው ከተሞች ሳሙና በቀላሉ አረፋ ስለማይሰጥ፣ ተላጪው የሳሙናውን መጠን መጨመር ወይም የተጣራ ውኃ ለዚሁ ማስቀመጥ ይችላል። ተራ የገላ ሳሙና ቆዳን ስለሚያደርቅ የመላጫ ሳሙናን ሊተካ አይገባም፤ ይህ ግን በብዙ ቤት የሚዘለል ጉዳይ ነው።

አረፋው ከመቀባቱ በፊት፣ ጺሙ የተኛበት አቅጣጫ መታወቅ አለበት። አንድ ቀን ያደገ ጺም በጣት ጫፍ ሲዳሰስ ወደ አንድ በኩል ይለሰልሳል፣ ወደ ሌላው በኩል ይሻክራል፤ የሚለሰልስበት ጎን የተኛበት አቅጣጫ ነው። በጉንጭ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ሲያድግ፣ በአንገት ላይ ግን በብዙዎች ዘንድ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ስለሚያዘነብል፣ አንገትን ከላይ ወደ ታች መላጨት ሁልጊዜ ትክክል ነው የሚለው ልማድ ለብዙ ሰዎች ቃጠሎ ዋና መንስኤ ሆኖ ይገኛል።

በመላጨቱ ጊዜ መላጫው በጣት ጫፎች ከእጀታው ግርጌ አካባቢ ተይዞ፣ በመጀመሪያ የመላጫው ራስ ላይኛው ክፍል ጉንጭ ላይ እንዲያርፍ እጀታው ከፊት በአግድም ይወጣል፤ ከዚያም ስለቱ ቆዳውን እስኪነካ ድረስ እጀታው ቀስ እያለ ዝቅ ይላል፤ ስለቱና ቆዳው በዚህ ጊዜ በግምት የ30 ዲግሪ ማዕዘን ይሠራሉ። ምቱ አጭር፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከጥቂት ምቶች በኋላም መላጫው በውኃ ይታጠባል፣ ወደ ሌላው ስለቱም ይገለበጣል። አንድ ጊዜ የተላጨ ቦታ አረፋ ሳይደገምበት እንደገና አይነካም። በአገጭና በመንጋጋ ጠርዝ ላይ አጥንቱ ወደ ውጭ ስለሚወጣ፣ ተላጪው ምቱን ይበልጥ ያሳጥራል፤ ማዕዘኑንም ከፊቱ ቅርጽ ጋር ያስተካክላል።

የመጀመሪያው ዙር ጺሙ በተኛበት አቅጣጫ ይላጫል። ማለስለስ የፈለገ ሰው አዲስ አረፋ ቀብቶ ሁለተኛውን ዙር አግድም ሊሄድበት ይችላል፤ ጺሙን ከተኛበት በተቃራኒ የሚቃወመው ሦስተኛው ዙር ግን ቆዳው ለሚቃጠልበት ሰው ቢቀር ይሻላል። ከእጅ የሚያመልጥ ጥቂት ሻካራነት ከሁለት ቀን ማሳከክ የቀለለ ዕዳ ነው።

ሲጨረስ ፊቱ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ ፎጣውም በማሸት ሳይሆን በመጫን ብቻ ውኃውን ይመጥጣል። በፀጉር ቤቶች ልማድ ሆኖ የሚቀባው አልኮል ተሕዋሲያንን የሚገድል ቢሆንም ቆዳውን ያደርቃል፤ መለብለቡም የመሥራቱ ምልክት ተደርጎ መወሰዱ ትክክል አይደለም። በቦታው ሽታ የሌለው እርጥበት ሰጪ ሎሽን ወይም ግሊሰሪን ያለበት ቅባት ይበቃል። መላጫው በውኃ ከታጠበ በኋላ ተራግፎ በደረቅ ስፍራ ይቀመጣል፤ ስለቱ በፎጣ ከተጠረገ ግን ጫፉ ይጎዳል።

ቃጠሎው ከደረሰ በኋላ የመጀመሪያው ሕክምና መላጨትን ለ2 ወይም ለ3 ቀናት ማቆም ነው፤ ተቃጥሎ ሳለ ያለሰልሰዋል ብሎ እንደገና መላጨት የታመመውን ንጣፍ ዳግመኛ መፋቅ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ቢቀመጥበት መለብለቡን ያበርዳል፤ ከእሬት ቅጠል የሚወጣው ውኃማ ክፍልም በማቀዝቀዝ ይረዳል፣ ነገር ግን ቢጫው የቅጠል ጭማቂ ቆዳን ስለሚያሳክክ ተለይቶ መውጣት አለበት። ሎሚ መቀባት ግን ጎጂ ነው፤ ጭማቂው በፀሐይ ሲመታ ቆዳውን አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ይጥላል። እብጠቱና ማሳከኩ ከበረታ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን የተባለው ደካማ የብግነት ማርገቢያ ቅባት ለጥቂት ቀናት በስሱ ሊቀባ ይችላል፤ እንደ ቤታሜታዞን ያሉት ብርቱዎች ግን ፊት ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ። መግል ከያዘ፣ እየሞቀ ከተስፋፋ ወይም ትኩሳት ካስከተለ ሐኪም ያየዋል፤ ቁስሉ ከጭርት ዓይነት የፈንገስ ሕመም የመጣ ከሆነ ደግሞ የብግነት ማርገቢያው ቅባት ያባብሰዋል።

ከቃጠሎ የሚለየው ሌላው ችግር ጥምዝ ጺም ባላቸው ሰዎች ላይ ይበልጥ የሚታየውና ሐኪሞች ሐሰተኛ የፀጉር ከረጢት ብግነት የሚሉት ነው። የተቆረጠው ጥምዝ ፀጉር እያደገ ሲመጣ ጫፉ ቆዳውን ወግቶ ተመልሶ ይገባል፣ ሰውነትም እንደ ባዕድ ነገር ይዋጋዋል፤ በመንጋጋና በአንገት ላይ የሚወጡት ትንንሽ እባጮች ከዚህ የተነሡ ናቸው። እዚህ ላይ ለስላሳ መላጨት ራሱ ጠላት ይሆናል፤ ቆዳን ወጥሮ መላጨትም የተቆረጠውን ፀጉር ከቆዳው በታች እንዲቀር ስለሚያደርገው ይከለከላል። እባጮቹ እስኪሽሩ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ያህል አለመላጨት፣ ከዚያም ጺሙን በቶንዶዝ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርቶ መቁረጥ ከምላጭ የበለጠ ያዋጣል። ገብቶ የተቆለፈ ፀጉር በንጹሕ መርፌ ጫፉ ተፈቶ ወደ ውጭ ይለቀቃል እንጂ አይነቀልም፤ ከተነቀለ አዲሱ ፀጉር እንደገና ከውስጥ ስለሚወጋ ነው። እባጩ ጠንክሮ ወደ ጠባሳነት መለወጥ ከጀመረ የቆዳ ሐኪም ማየት አለበት።